በጾም የተጋገረ የሥጋ ብስኩት

ሐምሌ 29

ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ እስካሁን አልደረቀም። ጠዋት ውኃ ጠጣሁ። ሌላ ምንም። አልራበኝም።

ሩት ከሐዋሳ ደወለች። «እማ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» ልጄ ሌላ ጥያቄ የላትም። ቂጣ በሻይ አልኳት። አላመነችኝም... ይህን ደብተር ገዝታ የላከችልኝም እሷ ናት። «ከግድግዳ ጋር ከምታወሪ እዚህ ላይ ጻፊው» ብላ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ብዙ ጽፌ አላውቅም። እጄ ቀርፋፋ ነው። ይሁን። የሚያስቸኩለኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ዘመነች መጣች። ገና ከበር «የይስሐቅ እናት!» አለች። ልጄ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ስሙን ይፈራል። «እትዬ» ይለኛል፣ «እህት ቦሼ» ይለኛል። እሷ ብቻ አልተወችም። ደስ ይለኛል ወይስ ያመኛል? ለይቼ አላውቅም።

ስልኳን አሳየችኝ። አንዲት ሴት ሊጥ ትዳምጣለች። መሐሉ ላይ ሥጋና አይብ ታስቀምጣለች። በሌላ ሊጥ ትከድነዋለች። ትጋግረዋለች።

«ቀላል ነው። እርሾ የለው፣ ማደር የለው። ለሻይ ቤቱ እንሥራ፣ አንቺና እኔ።» ባሏ ወልደሰንበት መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አለው።

«ሳምቡሳ ነው» አልኳት።

«ሳምቡሳ በዘይት ይጠበሳል። ይሄ ይጋገራል። ብስኩት ነው።»

እንጃ። ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል። ዘመነች ጾመኛ ናት፣ ወተት የነካው ማንኪያ እንኳ አትነካም። በጾም ዋዜማ የሥጋ ብስኩት የሚጀምር ማን ነው?

ነሐሴ 2

ኦቨኗን ከባሏ ጋር ተሸክማ እኔ ቤት አመጣችው። ለምን በራስሽ ቤት አትጋግሪም? «ሽታው ጾሜን ያስፈታኛል።» እኔ ቤት ሲሆን አይሸታትም ማለት ነው?

ፉርኖ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው። ቀዝቃዛ ቅቤ በጣት እያሹ ከዱቄቱ ጋር ማዋሃድ፣ አሸዋ እስኪመስል። ከዚያ ወተት። ብዙ አይታሽም። ብዙ ከታሸ ይደርቃል ትላለች ስልኳ ውስጥ ያለችው ሴት። በጠርሙስ ዳመጥኩት። በብርጭቆ አፍ ቆረጥኩት። ሥጋው የተፈጨ ነው፣ በሽንኩርት ደረቅ ብሎ የበሰለ። ትንሽ ዳጣ ጨመርኩበት። ስልኳ ውስጥ ያለችው ሴት ዳጣ አታውቅም። ዳጣ፣ ከቅመም ጋር የተፈጨ በርበሬ፣ ያልነካው ሥጋ ግን እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም።

አይቡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንሰት ቃጫ ታስሮ ነበር። ውኃው እስኪወጣ በነጠላ ጨመቅሁት። ጣቴን ላስኩ። የታጠነ ቅል ጣዕም አለው። እናቴ የምትሠራውን መሰለኝ።

«ከየት ነው?»

«ከገበያ።»

ጠርዙን በሹካ ጫን ጫን አድርጌ ዘጋሁት። ሲወጣ ቡናማ፣ ጉብ ጉብ ያለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። አልወደድኩትም። እኛ ዘንድ ምግብ ገበታ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ ተዘግቷል። ነክሰህ ካላየኸው ምን እንደያዘ አታውቅም።

«ቅመሽልኝ፣ የይስሐቅ እናት። እኔ ጾም ላይ ነኝ።»

እናቴ ያስተማረችኝ ሰጪ ቀድሞ እንደሚቀምስ ነው። ሰጪ ሳይቀምስ አይበላም። ዘመነች ግን እጇን አጣምራ አፌን ታያለች።

«ውስጡ ምን አለበት?» አልኳት፣ ራሴ የሞላሁትን።

«ውስጡን ለቄስ!»

«እኛ ቄስ የለንም።»

«እንግዲያው ለመጋቢያችሁ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ብቻዋን ሳቀች።

ግማሹን በላሁ። ጨው ይጎድለዋል አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስለ ጨው እንባ?... አንድ ነገር አለ።

ነሐሴ 4

ቅዳሜ። ብስኩቱ ሻይ ቤት ሄደ። አለቀ አሉኝ። ዘመነች ጥቂቱን ለይታ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ስትሄድ በመስኮት አየሁ። ለማን?

ነሐሴ 6

አቶ ሲላስ መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ጸለየ፣ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አሸ። የሚለውን አውቀዋለሁ።

«እህት ቦሼ፣ ጊፋታ እየደረሰ ነው። የእኛ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይሻገሩም። አባቶቻችንም እንዲህ አሉ፣ ወንጌልም እንዲህ ይላል።»

ስለ ጦና ነው። የጉኑኖ ልጅ። ባጃጁን የነዳው። ባለፈው ጥር ይስሐቅ ከአረካ ሲመለስ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ላም ወደ መንገዱ ገባች ይላሉ። ልጁ ሸሻት፣ ባጃጁ ተገለበጠ። ልጄ ሞተ። እሱ ተረፈ። ታስሮ ነበር፣ ተፈታ። የእሱን ፊት አላውቀውም። ፍርድ ቤት ሁሌ አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ያየሁት አናቱን ብቻ ነው። እናቱን ግን አይቻታለሁ። ጥግ ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የቆመችውን።

«ከአንድ ገበታ ቁረሱ፣ ይለቅ» አለኝ ሲላስ።

እኔም የምፈራው እሱን ነው። ይለቅ የሚለውን። ከእነሱ ጋር አንድ ጉርሻ ከበላሁ አለቀ። ሽማግሌው ወደ ቤቱ፣ ልጁ ወደ ባጃጁ። ይስሐቅስ? ስሙን ማን ይጠራዋል ከዚያ በኋላ? እምቢ ማለቴ ብቻ ነው የቀረው።

እምቢ አልኩት።

ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ምግብ ግን ትበያለሽ አይደል?» አለ። እሱም? ሁሉም ስለ ሆዴ ይጠይቃል።

ነሐሴ 9

መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። አንዱ ትሪ ከታች አረረ፣ ከላይ ሊጥ። ዘመነች «ይሄን ለመብራት ኃይል እንላከው» አለች። ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ አፈርኩ።

ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ በስልክ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «አዎ፣ በልታለች። ሁለት። አይ፣ አልጠረጠረችም...» ስታየኝ ዘጋችው።

ማን ነበር? ወልደሰንበት ነው አለች። ወልደሰንበት የእኔን ሆድ ለምን ይቆጥራል?

አልጠረጠረችም። ምኑን?

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ዘመነች ገና በጠዋት መጣች። ሆን ብዬ አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። የአይብና የሥጋውን ብስኩት አፏ ድረስ ሰጠኋት። አፈጠጥኩ። ነከሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ አነሳች። ሌላም።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን እየበላሽ ዝም አልሽኝ?» አለች አፏ ሞልቶ። «ክፉ ነሽ።»

ቀለለኝ። ምን ሆኜ ነው ሰውን እንዲህ የማየው? እኔም አብሬያት በላሁ። ሳልለመን።

ነሐሴ 19

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ዘመነች አይብ ሳታመጣ ቀረች። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቷ ሄድኩ። ዓይኗ ቀልቷል። አየችኝና ወዲያው ድስት ማገላበጥ ጀመረች። ባዶ ድስት።

«ምን ሆንሽ?»

«ጉንፋን።»

«አይቡስ?»

«ሴትየዋ ቀረች። ሥጋ ብቻ እንሙላው ለጊዜው። ሥጋ ብቻም ይጣፍጣል።»

ሥጋ ብቻ! አይብ ከሌለው ይደርቃል ብላ ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ነሐሴ 21

ሌላ አይብ አመጣች፣ በፕላስቲክ ዕቃ። ይኮመጥጣል። ስጨምቀው እንደ ጠመኔ ፈረሰ። የዱሮውን አምጪ አልኳት። «ሴትየዋ ቀረች አልኩሽ እኮ!» ተቆጣች። ዘመነች ተቆጥታኝ አታውቅም።

ነሐሴ 22

አመድ ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቆሻሻ የምንጥልበት ጉድጓድ የጋራችን ነው። ከላይ የኮባ ቅጠል ተጥሏል። ቃጫው አብሮት። ቋጠሮው ያው። ቅጠሉን አሸተትኩት፦ የታጠነ ቅል።

ሴትየዋ አልቀረችም። አይቡ ይመጣል። ለእኔ ብቻ ነው የማይሰጠኝ።

መጀመሪያ ብዪ ብዪ። አሁን ደግሞ ይህን አትብዪ። ምን አለበት ያ አይብ? ሳላውቅ ምን በላሁ?

ሌሊቱን ሆዴን ስዳብስ አደርኩ። አላመመኝም። እሱም አሳሰበኝ።

ነሐሴ 25

አየሁ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ቅዳሜ ነውና ለማንም ሳልነግር ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ጫማ ከሚሸጡት መሐል ቆምኩ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ሴት መጣች። ቀጭን፣ ጀርባዋ ላይ ቅርጫት። ከቅርጫቱ በኮባ የተጠቀለለውን አወጣች። ዘመነች ተቀበለቻት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠቻት። የእኔ ብስኩት። ሴትየዋ በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው።

ዞር ስትል ፊቷን አየሁት። የፍርድ ቤቷ ሴት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የቆመችው። የጦና እናት።

የእሷን አይብ ነው የበላሁት። የበላሁት፣ ጣቴን የላስኩት፣ እናቴን ያስታወሰኝ።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም።

ነሐሴ 26

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ዘመነችን ጠራኋት። በሩን ዘጋሁ።

«አይቡ የማን ነው?»

ምድር ምድሩን አየች። «አወቅሽ?»

«ማን አዘዘሽ? ሲላስ? በስልክ የምትነግሪው እሱን ነው? አብልቻታለሁ፣ ሁለት በልታለች እያልሽ? ጊፋታ ሲደርስ ቆሞ ‹በልታለች እኮ፣ ታርቃለች› እንዲል?»

«ማርያምን፣ አይደለም! ከአልጋነሽ አይብ የምገዛው ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው። አይብ ሻጭ ናት፣ የጉኑኖ ሴት ናት፣ ሌላ ምን አውቃለሁ? ፍርድ ቤት እኔ ሄጃለሁ? ያን አይብ ያላመጣሁልሽ ቅዳሜ ብስኩቱን ስሰጣት አለቀሰች። ልጄ ከእስር ወጥቶ እህል እምቢ ብሎኝ ይሄን ብቻ ነው የሚበላው አለችኝ። ምን አድርጎ ታሰረ አልኳት። ነገረችኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... አንቺ ደግሞ በልተሻል። ምን ልበልሽ? ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቁራሽ አልሰጠሁሽም።»

«ስልኩስ?»

«ሩት ናት። ልጅሽ እያለቀሰች ‹እማዬ ልትሞትብኝ ነው፣ አብያት› ትለኛለች በየቀኑ።»

«በጾም ለምን ጀመርሽ? በጾም ሥጋ?»

«እኔ መቅመስ ካልቻልኩ አንቺ መቅመስ ግድ ይሆንብሻል ብዬ ነዋ!» ጮኸች። «በሌላ ጊዜ ‹አንቺው ቅመሽው› ትይኛለሽ። ከጥር ጀምሮ ስንት ምግብ ይዤ ገብቼ ይዤ ወጣሁ? አስቤ፣ አስቤ...» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች።

ውጪ አልኳት። ወጣች።

ሁሉም ነገር ይገጥማል። ለዚህ ነው የማላምነው። እውነት እንዲህ ተገጣጥሞ አይመጣም።

ነሐሴ 29

አልበላሁም። መጋቢያችን ጎሜ የሚባል የለም ይላሉ፣ ክልክል በልተህ የሚመጣብህ መዓት የለም፣ በክርስቶስ ደም ቀርቷል። እኔም አሜን እላለሁ። ግን እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው፦ ሳይታረቁ የደመኛ ወገን ምግብ የቀመሰ ሰው የሞተበትን ሸጠ። በልጅነት የሰማሁት ነው። ስብከት ጆሮ ይገባል፣ ይህ ግን ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

ይስሐቄ፣ ሸጥኩህ?

ሲላስ በር አንኳኳ። አልከፈትኩም።

ጳጉሜ 1

አንድ ነገር ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ። ያቺ ሴት ታውቅ ነበር ወይ? ዘመነች ትዋሸኝ ይሆናል፣ ሲላስ ይዋሸኝ ይሆናል። የእናት ፊት ግን... ቀርቤ ላየው። አይብ የለኝምና ባለፈው የቀረውን ሥጋ ብቻ ሞልቼ ጋገርኩ። ደረቀ። ይሁን። የሚበላ አይደለም፣ ማጥመጃ ነው።

ጳጉሜ 3

ትናንት ጉኑኖ ሄድኩ።

ያንን መንገድ ከጥር ወዲህ አልሄድኩበትም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሶዶ ስንወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አረካ ነበርኩ። ባጃጁ የት ጋ እንደተገለበጠ አላየሁም።

ከአረካ በባጃጅ። በባጃጅ! ሌላ የለም አሉኝ። ሹፌሩ ነጭ ፀጉር ያለው ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነዳ። የብረቱን ዘንግ ጨብጬ ሄድኩ። እጄ አሁንም ያመኛል።

ጉኑኖ ወርጄ «አይብ የምትሸጠውን አልጋነሽን» አልኩ።

«የቷ? ልጇ የታሰረባት?»

እሷም በልጇ ነው የምትታወቀው።

ዘግይቼ ስለነበር ከገበያ ተመልሳለች። ጓሮዋ እንሰት ነው። በር ላይ ተቀምጣ ቅል ታጥናለች። ያ ሽታ! የማላውቀው ቤት ደጃፍ ቆሜ የእናቴ ቤት መጣብኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኛለሁ። ገዢ መስያት «አይቡ ዛሬ አለቀ፣ እህቴ» አለችኝ በወላይትኛ።

ብስኩቱን አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። ፊቷን አየሁ። ለዚያ ነበር የሄድኩት።

ፊቷ በራ።

«የሻይ ቤቷ! ዘመነች ናት የላከችሽ? ምነው ዛሬ ሳትሰጠኝ ቀረች ብዬ ነበር፣ ልጄ ይወደዋል፣ ጌታ ይባርክሽ...» እጇን ዘረጋች።

የሚያውቅ ሰው ፊቱ እንዲህ አይበራም። ይህን አወቅሁ። ግን ወር ሙሉ የጠረጠረ ልብ ቶሎ አይመለስም። ነጠላዬን ከፊቴ አነሳሁ።

«የይስሐቅ እናት ነኝ። ይህን የምጋግረው እኔ ነኝ። በእጄ። በአንቺ አይብ።»

ቅሉ ከእጇ ወደቀ። ጢሱ ከአፉ ይወጣል። ብስኩቱን አየች፣ እኔን አየች። ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች።

«በላሁ... በላሁ... ልጄም በላ... የገደልነውን ልጅ እናት እጅ... ደግሞ አበላሁሽ...» እያለች ታገለች። ጣቷን እስከ መገጣጠሚያው ከታ። ምንም አልወጣላትም። ምራቅ ብቻ።

ተንኮለኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ተንኮለኛ እንዲህ አይንቀጠቀጥም። ከእኔ ይበልጥ የፈራ ሰው ከጥር ወዲህ አላየሁም። ጎሜውን ብቻዬን የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር።

አንጓዋን ያዝኩት። ጣቷን አወጣሁት።

«ተዪ» አልኳት። «የወር ምግብ በጣት አይወጣም።»

አየችኝ። አላሰብኩትም እንዲህ ማለቴን። አፏ ዳር ምራቅ እንዳለ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣት፣ ከዚያ ልቅሶ ሆነ። እኔንም ያዘኝ። ሁለታችንም እዚያው መሬት ላይ፣ ቅሉ እየጨሰ። እስካሁን ብቻዬን ነበር የማለቅሰው።

«ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ?» አለችኝ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ።

«አያውቁም።»

«ምን እናድርግ?»

ሁሉም እንዲህ አድርጊ ይለኛል። ምን እናድርግ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

«ስለ ይስሐቅ ትነግሪኛለሽ?» አለች። «ጦና መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ እንደነበር ይነግረኛል። ስለ ኳስ። ሲያስቀው ነበር ይለኛል። ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል።»

በየቀኑ። በዚያ ቤት ስሙ በየቀኑ ይጠራል። በእኔ ከተማ ስሙን ሰው ይፈራል።

ከእንሰቱ ማዶ፣ ራቅ ብሎ የእንጨት ፈለጣ ድምፅ ነበር። አሁን ቆመ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አልወጣም። አላየሁትም።

ልሄድ ስነሳ ከማድጋው ሥር ለቤት ያስቀረችውን የአይብ ጥቅል አነሳች። ልትሰጠኝ የዘረጋችው እጇ መሐል ላይ ቆመ። ሳይታረቁ እንዲህ አይሰጥም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«ይቆይ» አልኳት።

በመንገዴ አሰብኩት። ይቆይ አልኩ እንጂ አልቀበልም አላልኩም።

መስከረም 1

የዛሬው አዲስ ዓመት የዘመነች ነው፣ የእኛ ገና አልደረሰም። ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ በር ላይ መጡ። ዘመነች ከበሯ ሆና አየችኝ። አልገባችም።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አልኳት። «ሊጥ እየደረቀብኝ ነው።»

እየሮጠች መጣች። ቅቤውን እሷ አሸችው።

መስከረም 5

ሲላስን ራሴ አስጠራሁት። እሺ አልኩት። ተነሥቶ ጸለየ፣ በጣም ደስ አለው። ደስታውን ትንሽ ጠረጠርኩት። ልማድ ሆኖብኛል...

ሁለት ነገር ጠየቅሁት። የሚበላውን እኔ እጋግራለሁ። ገበታው ላይ ከመቅረባችን በፊት ደግሞ ጦና የልጄን ስም ጮክ ብሎ ይጥራ። ሟቹ፣ ልጁ፣ ያለፈው ወንድማችን አይባል። ስሙ ይጠራ።

«ሁለተኛው ይሆናል» አለ ሲላስ። «የመጀመሪያው... ብስኩት? ለእርቅ?»

«ብስኩት።»

መስከረም 18

ዛሬ ሆነ። የጊፋታ ዋዜማ፣ ቤቴ ደጃፍ፣ ዝናቡ አቁሞ።

አይቡ ከጉኑኖ በሽማግሌ እጅ መጣ፣ በኮባው፣ በቃጫው። ሥጋው ከእኔ። ገና ከማለዳ ጀምሬ ዳመጥኩ። ዘመነች ጠርዙን በሹካ ዘጋች። መብራት አልሄደም፣ ተአምር ነው።

እነሱ ከአጥር ውጪ ቆመው ቆዩ፣ ሽማግሌዎች እስኪያስገቧቸው። አልጋነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ጦና አንገቱን ደፍቶ። አሁንም አናቱ። ፀጉሩን ተላጭቷል።

ሲላስ አንድ ነገር ሹክ አለው። ልጁ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አልወጣለትም። ደገመው።

«ይስሐቅ» አለ።

ሰው ሁሉ ሰማ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እትዬ የሚሉኝ ሁሉ።

ጸሎት ሆነ። ትሪውን አወጣሁ። ከጉኑኖ የመጡት አዛውንት ጎንበስ ብለው አዩና «ሥጋው የታል?» አሉ።

«ውስጡን ለቄስ!» አለች ዘመነች ከኋላ። አፏን በእጇ ያዘች። ሲላስ ሳይቀር ሳቀ።

አንዱን አነሳሁ። ከመሐል ሰበርኩት፣ ሁሉም እንዲያይ። ሥጋው ታየ፣ አይቡ ታየ፣ ጢሱ ወጣ። ሰጪዋ እኔ ነኝና ቀድሜ ነከስኩ። ግማሹን ለአልጋነሽ ሰጠሁ። ተቀበለች፣ ግንባሯን አስነካችው፣ በላች። አልተንቀጠቀጠችም።

«ተመስገን!» አለ ሲላስ። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ገበታ ቆረሱ!» እልል ተባለ።

አልጋነሽ አየችኝ። እኔም አየኋት። ዘመነች ሰማይ ሰማዩን አየች።

ከዚያ ለጦና ሰጠሁት። አንገቱን እንደደፋ በሁለት እጁ ተቀበለ። ነከሰ። አንዴ አላመጠ። ቆመ።

ሲበላው የከረመውን ብስኩት ማን እንደጋገረው ማንም አልነገረውም ማለት ነው። እናቱ ደብቃዋለች።

ቀስ ብሎ ቀና አለ። መጀመሪያ እናቱን አየ። ከዚያ እጄን፣ ዱቄቱ ገና ጥፍሬ ውስጥ አለ። ከዚያ ፊቴን። ፊቱን አየሁት። ልጅ ነው። ጉንጩ ሞልቷል፣ መዋጥ አቅቶታል፣ ዓይኑ ይፈሳል።

«ዋጠው» አልኩት። «ሌላም አለ።»

መስከረም 19

ጊፋታ። ሩት ገና ጎህ ሳይቀድ ደወለች። «እማ፣ ምን በላሽ?»

ገና ነኝ አልኳት፣ እውነቴን ነው። ቆዪ፣ ትሪው ላይ የተረፈ አለ፣ ላንሳ... ራበኝ።